ኳስ ባረፈበት ክረምት የሚታወሱት ይድነቃቸው ተሰማ

ደብረ ወርቅ፦ ነሐሴ 13

ዛሬ ቡሄ ነው። ትናንት ማታ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ያመሹት ልጆች ሙልሙላቸውን ታቅፈው፣ ጅራፋቸውን እያጮሁ ከማለዳው ጀምሮ ደብረ ወርቅን አንድ አድርገዋታል። ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ግን ውኃ ቋጥሯል። በዳርና ዳሩ ያለው የዋልካ መሬት በጤፍ ተሸፍኗል፤ ጎንበስ ያለ አራሚም በዝቶበታል።

የሊጉ ክለቦችም እረፍት ላይ ናቸው። በከተማዋ ቡና ቤቶች የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የፋሲል ከነማና የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊዎች ተሰብስበው የሚያወሩት ስለ ጨዋታ አይደለም። ማን ፈረመ፣ ማን ለቀቀ፣ ለማን ስንት ተከፈለ የሚለው ነው። አንዱ አዲስ ማሊያ ገዝቶ ይመጣል፤ ሌላው ክለቡ ደጋፊዎቹን የሚሰበስብበትን ቀን ያጣራል። ክረምት ለኳስ ወዳጅ የወሬ ወቅት ነው።

የዚህ ዘገባ አቅራቢ ዘወትር ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ አረም የሚጽፍ ነው። ከማሳ ሆኖ ሲታይ የሁለቱ ወቅት የተገለባበጠ ነው፤ ገበሬው ሲያርፍ ኳስ ይሮጣል፣ ኳስ ሲያርፍ ገበሬው ይሮጣል። ጥር ላይ አውድማው ላይ የሚከመረው እህል ነሐሴ ላይ ጭቃ ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ የዚህን የጭቃ ወቅት ሥራ እንደ ይድነቃቸው ተሰማ የሠራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እኒህ ሰው ያረፉትም በዛሬው ዕለት፣ በቡሄ ነው፤ ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነበር።

የተወለዱት ደግሞ በእንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ሲወለዱ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ናቸው። ልጃቸው ዘፈኑን አልወረሱም። የቃል ችሎታውን ግን ወርሰዋል፤ ኋላ በየዓለሙ የስብሰባ አዳራሽ የታየው እርሱ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ገና ጥርሱን ያልነቀለ ክለብ አገሩን ተነጠቀ። ወራሪው ኳሱን አልከለከለም፤ ከፋፈለው እንጂ። ነጩ ከነጩ፣ ኢትዮጵያዊው ከኢትዮጵያዊው ጋር ብቻ እንዲጫወት አደረገ። የክለቡንም ስም አስለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኘው። ይድነቃቸው በጉርምስናቸው የተቀላቀሉት እንዲህ ያለውን ክለብ ነበር። ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ ሜዳ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ተጫውተውበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ያለዚህ ነገር የሚገባ አይደለም።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገሪቱ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። አንዱ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ፣ አንዱ የጣሊያኖች፣ አንዱ የአርመኖች፣ አንዱ የግሪኮች ሲሆን ኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበራቸው። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር ለማግኘት እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ይድነቃቸው በአጥቂነት እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለዚህ አንድ ክለብ ተሰለፉ፤ 365 ጊዜ ተጫውተው 318 ጎል ማስቆጠራቸውም ይነገርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድኑም ተጫውተዋል። በዚያ ዘመን ተጫዋች ደመወዝ የለውም። ቀን በሥራው ውሎ ማታ ይለማመዳል፤ የዝውውር ወሬ የሚባል ነገርም አይታወቅም ነበር።

ስለ ጎሎቻቸው የሚያወራ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። ነገር ግን ጎል የሚያስቆጥር ሌላም ሰው ይገኛል። በዚያው ወቅት፣ ማሊያቸውን ሳያወልቁ፣ ፌዴሬሽን የሚባለውን ቤት ከመሠረቱ ሲያቆሙ ከነበሩት ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። የመተዳደሪያ ደንብ መጻፍ፣ የውድድር መርሐ ግብር ማውጣት፣ ዳኛ ማሠልጠን፣ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መመለስ፤ ይህ ሁሉ ተመልካች የማያጨበጭብለት ሥራ ነው። የፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆነው ለረጅም ዓመታት አገለገሉ፤ ኢትዮጵያም በ1940ዎቹ አጋማሽ የፊፋ አባል ሆነች። ዛሬ ደብረ ወርቅ ውስጥ ጫማ የሌለው ልጅ የጨርቅ ኳስ እያባረረ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት በአማርኛ ሲከራከር፣ ክርክሩ የሚቆምበትን መሬት የደለደሉለት እኒያ ጸሐፊዎች መሆናቸውን አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ አራት አገሮች ተገናኙ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው የመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ሊካሄድ ነበርና ጥያቄው ወዲያው ተነሣ። ደቡብ አፍሪቃ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ያቀፈ ቡድን ለመላክ እንጂ ሁለቱን አቀላቅላ ለማሰለፍ ፈቃደኛ አልሆነችም። የውቤ ሰፈሩ ልጅ ይህን ዓይነት ሜዳ ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪቃ ከውድድሩ ወጣች።

ኢትዮጵያ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪቃ ጋር ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይም ሁለቱ ሲገናኙ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ።

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው በጥር 1954 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ ይድነቃቸው አዘጋጅም አሠልጣኝም ነበሩ። አንድ ሰው ሁለቱን ሥራ ደርቦ መያዙ ለዛሬ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ የሰው ኃይሉ ያን ያህል የሳሳ ነበርና አማራጭ አልነበረም። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ያቺው ግብፅ መጣች።

የጨዋታው አካሄድ ዛሬም ልብ ይሰቅላል። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ደስታውን ሳይጨርስ ግብፅ በ75ኛው ደቂቃ ደግማ አገባች። በዚህ ቀን ብዙ ቡድን እጁን ይሰጥ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ግን ስድስት ደቂቃ ሲቀር አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ሁለት ጊዜ በአራት ጎል የተረታ ቡድን በአራት ጎል ረታ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ከጣሊያን ወረራ ገና ሃያ ዓመት ባለፈው አገር እርሱ አምበል ሆኖ ዋንጫ ሲያነሣ ማየት ስለዚያ ቡድን ብዙ ይናገራል። ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ ከዚያ ወዲህ ደግማ አላነሣችውም።

አንድ ሰው በዚህ ድል ላይ ቢያበቃ ስሙ አይረሳም ነበር። ይድነቃቸው ግን ወደ ጽሕፈቱ ተመለሱ።

ፊፋ ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ የሰጠው ኮታ አፍሪቃን ከእስያና ከኦሺያኒያ ጋር ደምሮ አንዲት ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪቃ አሸናፊ በቀጥታ አይገባም፤ ሌላ ማጣሪያ ይጠብቀዋል። ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ነገሩን በደብዳቤና በስብሰባ ሞገቱ፤ ሰሚ ሲጠፋ የአፍሪቃ ቡድኖች በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ለተጫዋቾቹ መራራ ውሳኔ ነበር። ያ የጋና ቡድን ሁለት ጊዜ በተከታታይ የአፍሪቃን ዋንጫ ያነሣ ነውና እንግሊዝ ቢሄድ ምን ያደርግ ነበር እያለ የሚቆጭ አለ፤ ቁጭቱም እውነት ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው፣ በ1962ቱ የሜክሲኮ ውድድር፣ አፍሪቃ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተጓዘች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆነ። አንድ ቡድን ሳይጫወት ያሸነፈበት ጨዋታ ይሏል ይህ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ሕልፈታቸው ለ15 ዓመታት በዚያው ቆዩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በአገር ቤት ዘውዱ ወርዶ ደርግ ሲተካ፣ ብዙ ሰው ከነሥራው ሲጠፋ፣ እርሳቸው በቦታቸው ጸንተው በ1968 ዓ.ም. የአፍሪቃ ዋንጫን ድሬዳዋና አዲስ አበባ ላይ አስተናገዱ።

ከሁሉ የረዘመው ሙግታቸው ግን ካርቱም ላይ የተጀመረው ነው። ፊፋ ደቡብ አፍሪቃን አንዴ ያግዳል፣ አንዴ ይመልሳል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ አገሪቱን ጎብኝተው እገዳው ሲነሣ፣ አፍሪቃውያኑ በቶኪዮው ጉባኤ መልሰው አሳገዷት። ራውስ ኳስና ፖለቲካ አይገናኙም ባይ ነበሩ። የይድነቃቸው ወገን ደግሞ ሜዳውን በዘር የከፈለው ሰው ፖለቲካውን አስቀድሞ አስገብቶታል የሚል አቋም ነበረው። በ1966 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ራውስ በብራዚላዊው ዦአዎ ሃቬላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪቃ ድምፅ ከባድ ሚዛን ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም.፣ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪቃ ከፊፋ ተባረረች። ከካርቱም እስከ ሞንትሪያል 19 ዓመት ነው፤ የዚህ ሁሉ ዘመን ሥራ ደብዳቤ፣ ጉዞና ድምፅ መቁጠር ነበር።

ሁሉም አልሰመረላቸውም። የአፍሪቃ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው እጅግ ያሳስባቸው ነበር። አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪቃ ዋንጫ ከውጭ አገር ክለብ ከሁለት በላይ ተጫዋች እንዳያሰልፍ የሚከለክለው ደንብ የዚህ ሥጋት ውጤት ነው። ደንቡ በ1974 ዓ.ም. ተነሣ። በዚህ በኩል የጊዜው ጎርፍ በልጧቸዋል፤ ተጫዋቹም የእንጀራውን ነገር ማሰቡ አይፈረድበትም። ይሁንና የዘንድሮው ክረምት ወሬያችን በሙሉ የዝውውር ዋጋ መሆኑን ያየ ሰው፣ ሽማግሌው ምን እንዳስፈራቸው መገመት አያቅተውም። ክለብ በክረምት የሚሠራው ሌላም ነገር አለ፤ ታዳጊ መመልመል፣ ሒሳብ ለአባላት ማቅረብ፣ ሜዳ መደልደል። ስለዚህኛው ቡና ቤት ውስጥ የሚጠይቅ ደጋፊ ዘጋቢው አላጋጠመውም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ይድነቃቸው ሲያርፉ 66ኛ ዓመታቸውን ሊሞሉ 24 ቀናት ቀርተዋቸው ነበር። በደብረ ታቦር በዓል ጅራፍ ሲጮህ ሄዱ፤ ለእንቁጣጣሽ አልደረሱም።

ደቡብ አፍሪቃ የዘር አገዛዙን ማፍረስ ጀምራ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. የአፍሪቃን ዋንጫ በአገሯ አስተናግዳ በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጥቁሮችና ነጮች አብረው የተሰለፉበት ቡድን ነበር። ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ፤ ዋንጫውን ያነሣውም ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ነው። ካርቱም ላይ ያልተፈቀደው ቡድን ይህ ነበር።