ጊዜ ያጠራቸው ደራሲ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ለመርሐ ቤቴ ልጅ የተከፈተለት የትምህርት በር የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ኅሩይም በዚሁ በር ገብተው ንባብና ጽሕፈት ተማሩ፤ ቆይተውም ወደ እንጦጦ ራጉኤል ሄደው ትምህርታቸውን አስፋፉ። ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት እኒህ ሰው በሥራ ብዛት ተወጥረው ሳሉ እንዴት ልቦለድ ለመጻፍ እንደ በቁ ነውና በማስተዋል ተከታተሉት።

ኅሩይ በጽሕፈታቸውና በአስተዋይነታቸው በቤተ መንግሥት ዘንድ ስለ ታወቁ የሥራ ኀላፊነት ተራ በተራ ይጫንባቸው ጀመር። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። ኋላም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት አገለገሉ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

እስቲ የእነዚያን ዓመታት ሥራ ገምቱ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተከበረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በ1924 ዓ.ም. ኅሩይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው እስከ ጃፓን ተጓዙ። ሆኖም በ1923 ዓ.ም. ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚነቅፈውን «የልብ አሳብ»ን፣ በ1924 ዓ.ም. የጃፓን ጕዟቸውን የሚተርከውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም» የተሰኘውን ልቦለድ ለአንባቢ አበረከቱ።

ደራሲ በጊዜ መጣበቡ በሌላም አገር የታየ ነው። ሩሲያዊው ፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1866 እ.ኤ.አ. ለአሳታሚ የገባው ውል ቀነ ገደብ ስለ ደረሰበት «ቁማርተኛው» የተባለውን ልቦለድ በ26 ቀን ውስጥ ለጸሓፊ እየነገረ አስጽፎ ጨርሷል። ኅሩይን ያጣበባቸው ግን የአሳታሚ ውል ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ነበር። ጊዜ ያጠረው ደራሲ የተወሳሰበ ሴራ ልፍጠር ቢል መንገድ ላይ ይቀራል። ታዲያ የ«አዲስ ዓለም» ሴራ እንዴት ተዋቀረ?

የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ዐወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ነው። ዐወቀ ትምህርት ፈልጎ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል። አባቱ ይሞታል፤ ዘመድ ሁሉ ትልቅ የተዝካር ድግስ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን እንቢ ይላል። በጋብቻውም ጊዜ እንደዚሁ ከወገኖቹ ጋር ይጋጫል። በመጨረሻ ነገሩ በጉባኤ ታይቶ ልማዱ ይሻሻላል።

ልብ በሉ! የነገሩ ቅደም ተከተል ከተራ ሰው ሕይወት የተወሰደ ነው፤ ጉዞ፣ መመለስ፣ ለቅሶ፣ ተዝካር፣ ሠርግ። ይህን ሥርዐት የመንዝም ሆነ የመርሐ ቤቴ አንባቢ አስቀድሞ ያውቀዋል። ደራሲው የጨመሩት ነገር ቢኖር በእያንዳንዱ ሥርዐት ፊት አንድ እንቢ ባይ ማቆም ነው። ግጭቱ የሚወለደው ከዚህ ነው። ሴራው በእንዲህ ያለ የታወቀ መሠረት ላይ ስለ ቆመ፣ ሥራው ቢቋረጥም ደራሲው ተመልሶ ካቆመበት ለመቀጠል አይቸገርም።

ኅሩይ የጊዜው ነገር ካሰቡት በላይ ጠባብ ሆነባቸው። «አዲስ ዓለም» በታተመ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። እሳቸውም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ፤ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ ሳሉ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። የአገራቸውን ነጻ መውጣት አላዩም። ሥራዬ ሲቀልልኝ እጽፋለሁ ብለው ቢያቆዩት ኖሮ ዐወቀ የሚባለውን ወጣት ዛሬ ባላወቅነውም ነበር።

እናንተም ድርሰት እንድትጽፉ ስትታዘዙና ጊዜው ሲያጥርባችሁ፣ በመንደራችሁ ከምታውቁት ሥርዐት አንዱን ምረጡ። ድርጊቶቹን በተራ ዘርዝሩ፤ በመካከላቸውም ያንን ሥርዐት የማይቀበል አንድ ሰው አስገቡ። ከዚያ በኋላ መጻፍ ጀምሩ።