ቴፍሎንን በገዛ ጭኑ የፈተነው ሐኪም

እናቴ የዳሌ መገጣጠሚያዋ ተቀይሮላት ያለ ምርኩዝ ስትራመድ ባየሁ ቁጥር እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ (እ.ኤ.አ. 1911-1982) ትዝ ይለኛል። ያለቀውን ካርቲሌጅ ለመተካት መጀመሪያ የመረጠው ቴፍሎንን ነበር፤ መጥበሻችን የሚለበጥበትን ማለቴ ነው። ወደ 300 ለሚጠጉ ሕመምተኞች ገጠመላቸው። ለጊዜው እፎይ አሉ። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ግን ቴፍሎኑ ተፋቀ፤ ብናኙም ሥጋቸውን አስቆጣ። ቻርንሊ አላመካኘም። ሕመምተኞቹን ራሱ ደግሞ ቀዶ ጥገና አደረገላቸው፤ ቴፍሎንና ፖሊኢትሊን የተባለውን ፕላስቲክም በገዛ ጭኑ ቀብሮ ፈተናቸው።

ፖሊኢትሊንን በ1962 ሲያሳዩት ግን ንቆት ነበር። ረዳቱ ሃሪ ክሬቨን አለቃው በሌለበት መፈተሻ ማሽኑ ላይ ጣደው። በሦስት ሳምንት የተፋቀው፣ ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚፋቀው አነሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ቻርንሊ ለሕመምተኛ ገጠመው፤ እናቴ ዳሌ ውስጥ ያለውም የዚሁ ዘር ነው።