ፔድሮ ፓኤዝ በጎርጎራ፦ የታየችው ኢትዮጵያና የተፈጠረችው ኢትዮጵያ

በምናብ የተፈጠረ ሕዝብ እንደ እውነተኛ ማኅበረሰብ የሚታመነው መቼ ነው? ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ በ1974 ከታተመ ወዲህ ጥያቄው የጨዋታ ደራሲያንን ሲያከራክር ቆይቷል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ተሳታፊዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቃል አንድ ዓለም ይገነባሉ፤ የዚያ ዓለም ነገዶች ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጠባይና አንድ ልብስ ብቻ ተሰጥቷቸው ይቀራሉ፤ አንዱ ነገድ በሙሉ ጦረኛ፣ ሌላው በሙሉ ስስታም ይሆናል። ችግሩ ከጨዋታዎቹ ይልቅ እጅግ የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ሁለት መጻሕፍት ተጽፈው ነበር። የአንደኛው ደራሲ አገሪቱን ረግጦ አያውቅም፤ ሁለተኛው ግን የጻፈው በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ ተቀምጦ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ሕይወት ይከተላል፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 በስፔን፣ ከማድሪድ ብዙም በማትርቀው በኦልሜዳ ተወለደ። በ1582 ጀስዊት የሚባለውን የኢየሱሳውያን ማኅበር ተቀላቀለ። ወደ ሕንድ ተልኮ ጎኣ ከደረሰ በኋላ፣ በ1589 ከአንቶኒዮ ደ ሞንሴራቴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ። ይሁን እንጂ ሁለቱም በደቡብ ዓረቢያ ጠረፍ ተያዙና እስከ 1596 ድረስ በሐድራሞትና በየመን በምርኮ ቆዩ። እነዚያ ዓመታት ለፓኤዝ ከንቱ አልነበሩም፤ ዓረብኛ ተምሯል፣ ባሕሉን በማያውቀው ሕዝብ መካከል ያለ ሥልጣንና ያለ ክብር መኖርንም ለምዷል። ከዚያ በኋላ ለጻፈው ሁሉ ይህ ልምድ ከመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ሥልጠናው ያላነሰ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ።

በ1603 አርመናዊ ነጋዴ መስሎ ምጽዋ ገባ፤ ከዚያም ዓድዋ አጠገብ በምትገኘው ፍሬሞና ተቀመጠ። ግዕዝና አማርኛ አጠና። በ1604 ወደ ዐፄ ዘድንግል ግቢ ቢጠራም ንጉሡ በዚያው ዓመት ተገደሉ። በ1607 ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ሱስንዮስ ግን ወዳጁ ሆኑ፤ በጎርጎራም መሬት ሰጡት። ፓኤዝ በዚያ የግንባታ ባለሙያም ሆኖ ለንጉሡ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት እንደ ሠራላቸው ይታወቃል።

የመጽሐፉ መነሻ ከቫሌንሲያ የመጣ ክርክር ነበር። የዶሚኒካውያን ማኅበር መነኩሴ ሉዊስ ደ ኡሬታ በ1610 እና በ1611 ስለ ኢትዮጵያ ሁለት መጻሕፍት አሳትሞ ነበር፤ ምንጩ ጆአዎ ባልታዛር የተባለ፣ ከኢትዮጵያ መጣሁ የሚል ሰው ነው። በኡሬታ ኢትዮጵያ ውስጥ በሺሕ የሚቆጠሩ መነኮሳት የሚኖሩባቸው የዶሚኒካውያን ገዳማት አሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ ዶሚኒካዊ ናቸው። ነገሥታቱ ልጆቻቸውን የሚያኖሩባት ግሸን አምባ ደግሞ የአማራ ተራራ ተብላ፣ ገነትን የምትመስል፣ ስፍር ቁጥር የሌለው የመጻሕፍት ሀብት የተከማቸባት ቦታ ትሆናለች። ልብ ሊባል የሚገባው የኡሬታ ግነት ሳይሆን የፈጠራው ዘዴ ነው፤ በሩቅ አገር ያኖረው ሕዝብ በመጨረሻ የራሱን ማኅበር የሚመስል፣ መጠኑ ብቻ የገዘፈ ሆኖ ይገኛል። ልዩነት የመሰለው ነገር ጌጥ ብቻ ነው።

ፓኤዝ የማኅበሩ አለቆች ባዘዙት መሠረት መልስ መጻፍ ጀመረ፤ በፖርቱጋልኛ የጻፈው ባለ አራት መጽሐፍ የኢትዮጵያ ታሪክም ከዚህ ተወለደ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዶሚኒካውያን አለመሆናቸውን ለማስረዳት ክርክር ብቻ አልበቃውም፤ ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ተርጉሞ አስገባ። የነገሥታቱን ዝርዝር ከአገሩ መጻሕፍት ቀዳ። ስለ ግሸን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቀ።

ከሁሉ ይልቅ ዘዴውን የሚያሳየው የግሽ ዓባይ ገለጻው ነው። በሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከንጉሡና ከሠራዊታቸው ጋር ወደ ምንጩ ደረሰ። የጥንት ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን በማየቱ ደስታውን አልሸሸገም፤ ነገር ግን ወዲያው ጥልቀቱን ወደ መለካትና በአካባቢው የሚኖሩትን ሰዎች ወደ መጠየቅ ይሻገራል። በዓመት በተወሰነ ቀን ላም እንደሚታረድ፣ ራሱም ወደ ምንጩ እንደሚጣል፣ ሥርዓቱን ማን እንደሚመራ ይመዘግባል። እዚህ ላይ አንድ ሕዝብ ከሌላው የሚለየው በመልኩ ወይም በጠባዩ አይደለም፤ ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ቀንና ከአንድ ኃላፊ ጋር በተሳሰረ ልማድ ነው። ለጨዋታ ዓለም ነገድ የሚቀርጽ ሰው የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ትስስር ነው።

ሌላም ያጣል፤ ሕዝቡ እርስ በርሱ አለመስማማቱን። በፓኤዝ ዘመን የነበረችው ኢትዮጵያ አንድ ልብ አልነበራትም። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የካቶሊክን እምነት ሲደግፉ፣ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተቃውሞውን ተቀላቅለው በ1617 በውጊያ ተገደሉ። ቅዳሜን ማክበር ሲከለከልም ዐመፅ ተነሣ።

የፓኤዝ ሥራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የቅዳሜን ሰንበት፣ ግዝረትንና በየዓመቱ የሚከበረውን ጥምቀት በትጋት የመዘገበው ይኸው ሰው እነዚህን እንደ ስሕተት የሚቆጥር ሚስዮናዊ ነበር። የሕዝቡን መለያ ከኡሬታ በማይነጻጸር ሁኔታ አውቋል፤ ያወቀውን ግን ሊለውጠው ይሻ ነበር። ትዕግሥተኛና ለዘብተኛ መሆኑን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ለዘብተኝነቱ የአቀራረብ እንጂ የዓላማ አይመስለኝም።

ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ባወጁበት በ1622 ፓኤዝ ግንቦት ላይ ጎርጎራ ውስጥ ዐረፈ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ የሮማን ሥርዓት በጥብቅ ለመጫን ሞከረ፤ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጀስዊቶቹም ከአገር ተባረሩ።

የሁለቱ መጻሕፍት ዕጣ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። የኡሬታ ተራራ በእንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ የጉዞ ስብስቦች በኩል አልፎ በ1667 በታተመው የሚልተን የጠፋችው ገነት ውስጥ ስሙ ተጠቀሰ፤ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያኖሩበት ዝግ ስፍራም በ1759 የሳሙኤል ጆንሰን ራሴላስ መነሻ ሆነ። የፓኤዝን ድርሰት ማኑኤል ደ አልሜይዳን የመሰሉ ተከታዮቹ ቢጠቀሙበትም፣ ራሱ ድርሰቱ በእጅ ጽሑፍነት ቆይቶ በካሚሎ ቤካሪ አዘጋጅነት ሮም ውስጥ የታተመው ገና በ1905 እና በ1906 ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ደግሞ በሐክሉት ማኅበር በ2011 ወጣ።