ጠፍተው የቀሩትን ፍለጋ፤ የሰር ክሌመንትስ ማርክሃም የሕይወት ታሪክ

በታሪክ ትምህርት ስለ መቅደላ ጦርነት ስንማር ዘወትር የምንሰማው የጄኔራል ናፒየርን ስም ነው። ከናፒየር ጋራ መጥቶ እስከ መቅደላ ድረስ ያለውን መንገድ ያጠና የነበረው ሰው ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። እርሱም ክሌመንትስ ማርክሃም ይባላል። እኔ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ልጽፍ የተነሣሁት በይበልጥ ወደ አገራችን ከመምጣቱ 17 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ ስላሳለፈው ጊዜ ነው። የኋላ ኑሮው የተቈረጠው በዚያ ነው ብዬ አምናለሁና። ዓመቶቹን የጻፍሁት፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማርክሃም በ1830 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ የቄስ ልጅ ሁኖ ተወለደ። በ1844 ገና ልጅ ሳለ ወደ ባሕር ኃይል ገብቶ አራት ዓመት ያህል በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተዘዋወረ። የፔሩን አገር አይቶ እጅግ ወደደው። በመርከብ ኑሮ አምርሮ የጠላው ነገር ቢኖር ግርፋት ነበር። አንድ መርከበኛ እንዳይገረፍ ለማስጣል ሞክሮ ራሱ ችግር ላይ ወድቋል።

በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን የተባለው አዛዥ፣ ኤሬበስና ቴረር በተባሉ ሁለት መርከቦች፣ ከአሜሪካ በስተ ሰሜን ወደ ፓስፊክ የሚያሻግር የባሕር መንገድ ሊፈልግ ሄዶ ነበር። እርሱንና ባልንጀሮቹን ጨምሮ 129 ሰዎች ወሬያቸው ጠፋ። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት እየተባለ ተጠበቁ፤ የመጣ ግን አልነበረም። በግንቦት 1850 በካፒቴን ኦስቲን የሚመሩ አራት መርከቦች ለፍለጋ ሲነሡ፣ ማርክሃም አሲስታንስ በተባለችው ላይ ተሳፈረ። የመርከቢቱ ስም ትርጕሙ እርዳታ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፈላጊዎቹ ቢቺ በተባለች ደሴት ላይ የሦስት ሰዎች መቃብር አገኙ። የፍራንክሊን ሰዎች የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት በዚያ ነበር። ከሦስቱ ሟቾች አንዱ ጆን ቶሪንግተን የሞተው በ20 ዓመቱ እንደ ሆነ በመቃብሩ ላይ ተጽፏል። ማርክሃምም 20 ዓመት የሞላው ባለፈው ወር ነበር። ከዚያ ወዴት እንደ ሄዱ የሚናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልተገኘችም።

ብዙም ሳይቈይ ባሕሩ ረጋና መርከቦቹን በግሪፊት ደሴት አጠገብ ያዛቸው። እኛ በወናጎ ፀሐይ ከዓመት እስከ ዓመት በ12 ሰዓት ገደማ ስትወጣ የምናይ ሰዎች፣ ሦስት ወር ያህል ጭራሽ የማትወጣበትን አገር ማሰብ ይቸግረናል። መርከበኞቹ ኀዘን እንዳይገድላቸው ቴአትር ይሠሩ፣ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር፤ ትምህርትም ይሰጥ ነበር። ማርክሃም በዚያ ጨለማ የቀድሞ የዋልታ ተጓዦችን ታሪክ እያነበበ፣ ስለ ፔሩም እያሰበ ከረመ።

በ1851 ብርሃን ሲመለስ ሰዎቹ መንኰራኵር የሌለው ጋሪ በገመድ እየጐተቱ፣ በበረዶው ላይ በየአቅጣጫው ተሰማሩ። ማክሊንቶክ የተባለው መኰንን 80 ቀን ተጕዞ ተመለሰ። ማርክሃምም ከጐታቾቹ ጋራ ተካፋይ ነበር። በብዙ መቶ ማይል የሚቈጠር ያልታወቀ የባሕር ዳርቻ በካርታ ላይ ተሣለ፤ ከጠፉት ሰዎች ግን ምልክት አልተገኘም። በበጋው በረዶው ለቀቃቸውና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አንድ ወጣት ለፍለጋ ሄዶ መቃብር ብቻ አይቶ ሲመለስ ምን ያስባል? የማርክሃምን አሳብ ከሥራው እንረዳዋለን። አገሩ እንደ ገባ ከባሕር ኃይል ለመውጣት መቍረጡን ለአባቱ ነገረ። ግርፋቱ አስመርሮታል፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጡም አሰልችቶታል። ነገር ግን ወዲያው አልተወም፤ አስቀድሞ የመድፍ ትምህርት ፈተናውን አለፈ፣ ከዚያም በ1851 መጨረሻ ተሰናበተ። ይህን ነገር ተማሪዎች ሁላችን ልብ ብንለው መልካም ይመስለኛል።

እውነቱ የታወቀው ቈይቶ ነው። በ1854 ጆን ሬይ የተባለ ሐኪም፣ የአገሩ ተወላጆች ከሆኑት ከኢኑይት ሕዝብ፣ ነጮቹ በረኃብ ማለቃቸውን ሰማ። በ1859 የማክሊንቶክ ሰዎች ባገኙት ጽሑፍ ፍራንክሊን የሞተው በሰኔ 1847 መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ ማርክሃም ሊፈልገው ሲነሣ ሰውየው ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። መርከቦቹ የተያዙትም ኦስቲን ከፈለገበት ስፍራ ወደ ደቡብ ርቆ ነው።

ማርክሃም ያሰበውን ፔሩን ደግሞ አየ። በ1860 የአገሩ ሰዎች እየተቃወሙት የሲንኮና ዛፍ ችግኝ ሰብስቦ ወደ ሕንድ እንዲሻገር አደረገ። ከዚህ ዛፍ ልጥ የወባ መድኃኒት ይወጣል፤ እኛም ማንኛውንም እንክብል ኪኒን የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ተነሥተን ነው። ወደ አባያ ቆላ ወርዶ በወባ የታመመ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል።

በ1868 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ደግሞ በሌላ ፍለጋ ነው፤ አጼ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት። በዚህ ጊዜ የተፈለጉት ሰዎች በሕይወት ተገኙ፤ መቅደላ ከመያዟም በፊት ተለቀቁ። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ፤ አምባው ተቃጠለ፤ መጻሕፍቱና ቅርሱ ተጭኖ ሄደ፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በሎንዶን አሉ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ከአገሩ ወጥቶ በ1879 በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞተ። ማርክሃም በጻፈው የዘመቻው ታሪክ ውስጥ ንጉሡ ብዙ በደል እንደ ፈጸሙ ከተናገረ በኋላ፣ አሟሟታቸው የጀግና እንደ ነበረ መስክሯል። ምስክርነቱ ለእርሱ ክብር ነው፤ መንገዱን በማጥናቱ ግን ከዘመቻው ዕዳ ነጻ ሊሆን አይችልም።

በስተርጅና የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሁኖ ስኮትን ወደ ደቡብ ዋልታ አስላከ። በወጣትነቱ እንዳየው ጋሪውን በውሻ ከማስጐተት ሰው ቢጐትተው ይሻላል ከሚለው አሳቡ አልተመለሰም። ይህ ትልቅ ስሕተቱ ይመስለኛል። ስኮትና አራት ባልንጀሮቹ በ1912 ጋሪያቸውን እየጐተቱ ከዋልታው ሲመለሱ አለቁ።

ማርክሃም በጥር 1916፣ በ85 ዓመቱ፣ ማታ በሻማ ብርሃን ተኝቶ ሲያነብ የአልጋ ልብሱ ተቀጣጠለና በማግሥቱ ሞተ። የፈለጋቸው መርከቦች ኤሬበስ በ2014፣ ቴረር በ2016 ከባሕር በታች ተገኙ፤ ፈላጊዎቹንም ወደ ስፍራው በመምራት ኢኑይቶች የሚያውቁት ነገር ብዙ ረድቷል።