ፔላግራን ያሸነፉት ሐኪም
የዶክተር ዮሴፍ ጎልድበርገር አጭር የሕይወት ታሪክ

ሰው የሚታመመው በዓይን በማይታዩ ተሐዋስያን ብቻ እንዳይደለ፣ ምግቡም ጎዶሎ ሲሆን ጤናውን እንደሚያጣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ እንማራለን። ይህ እውነት ግን ያለ ድካም የተገኘ አይደለም። ብዙ ከደከሙለት ሰዎች አንዱ ዶክተር ዮሴፍ ጎልድበርገር ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዶክተር ጎልድበርገር በ1874 ዓ.ም. ዛሬ ስሎቫኪያ በሚባለው አገር፣ በዚያን ጊዜ ግን በኦስትሪያና በሀንጋሪ ግዛት ውስጥ በነበረው ጊራልቶቭጼ በተባለ ስፍራ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ፤ በዚያም የምግብ ሸቀጥ እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ዮሴፍ በመጀመሪያ መሐንዲስ ለመሆን ትምህርት ጀምረው ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ሕክምና ተማሩና በ1895 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1899 ዓ.ም. በመንግሥት የጤና አገልግሎት ገብተው ከተላላፊ በሽታዎች ጋር ሲታገሉ ራሳቸው በቢጫ ወባ፣ በዴንጌና በታይፈስ ተይዘው ድነዋል።

በዚያን ዘመን በደቡብ አሜሪካ ኅብረት መንግሥታት ፔላግራ የሚባል ክፉ በሽታ ድኾችን ይፈጅ ነበር። በሽታው የእጅንና የአንገትን ቆዳ ያቈስላል፤ ሆድን ያስቀምጣል፤ አእምሮን ያውካል፤ በመጨረሻም ይገድላል። ብዙዎቹ ሐኪሞች ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበረ፣ በሽተኛው ከሕመሙ በላይ የሰው ሽሽት ይጐዳው ነበር።

በ1914 ዓ.ም. መንግሥት ይህን እንዲመረምሩ ዶክተር ጎልድበርገርን ላካቸው። እርሳቸውም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችንና የእጓለ ማውታ ማሳደጊያዎችን እየዞሩ ሲመለከቱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በሽተኞችን የሚያስታምሙት ሠራተኞች በፔላግራ አይያዙም። በሽታው ተላላፊ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት እነርሱን በያዘ ነበር። እንደዚሁም በማሳደጊያዎቹ በብዛት የሚታመሙት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ልጆች ነበሩ። ሕፃናቱ ወተት ያገኛሉ፤ ትልልቆቹ ሥራ ስለሚሠሩ የተሻለ ይመገባሉ፤ የመካከለኞቹ ምግብ ግን በቆሎና ሽሮፕ የበዛበት ነበር። ዶክተሩም በሚሲሲፒ በሁለት ማሳደጊያዎች ወተት፣ እንቍላል፣ ሥጋና ባቄላ እንዲጨመር ባደረጉ ጊዜ በሽታው ከሞላ ጐደል ጠፋ።

ቀጥለውም በ1915 ዓ.ም. በዚያው በሚሲሲፒ፣ አገረ ገዥው ምሕረት ሊያደርጉላቸው ቃል የገቡላቸው 11 ጤነኛ እስረኞች በፈቃዳቸው ለወራት ወተትና ሥጋ የሌለበት፣ በቆሎ፣ ሩዝና ሽሮፕ የበዛበት ምግብ ተመገቡ። ከእነርሱም 6ቱ በፔላግራ ተያዙ። ተቃዋሚዎች ግን አሁንም አላመኑም። ስለዚህ በ1916 ዓ.ም. ዶክተር ጎልድበርገር፣ ባለቤታቸው ሜሪና ሌሎች ፈቃደኞች፣ በጠቅላላው 16 ሰዎች፣ በገዛ ሰውነታቸው ፈተኑት። የበሽተኞችን ደም በመርፌ ተወጉ፤ ከቍስላቸው የተነሣ ቅርፊትና ከሰውነታቸው የወጣ ቈሻሻ ሳይቀር ዋጡ። ከእነርሱ አንድም ሰው በፔላግራ አልተያዘም።

ከዚህ በኋላ በሳውዝ ካሮላይና በጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ገብተው ከኢኮኖሚ ሊቁ ከኤድጋር ሲደንስትሪከር ጋር የየቤቱን ገቢና ምግብ መዘገቡ። የደመወዙ መጠን ባነሰ ቍጥር በሽታው ይበዛ ነበር። በገጠርም ጭሰኛው ጥጥ እስከ ደጃፉ ድረስ ስለሚዘራ ለአትክልትና ለላም የሚተርፍ መሬት አልነበረውም። እንግዲህ የበሽታው ሥር ድኽነት መሆኑ ተገለጠ። ይህን በተናገሩ ጊዜ ግን አንዳንድ የደቡብ ሹማምንት አገራችን ተሰደበ ብለው ተቈጡ። ዶክተሩ ግን የተቈጣን ሰው ፊት አይተው ቃላቸውን አልለወጡም።

ርካሽ መድኃኒት ሲፈልጉም የቢራ እርሾ በሽታውን እንደሚከለክልና እንደሚፈውስ አገኙ። በ1927 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ባፈናቀለ ጊዜ እርሾው ለተጐዱት ታደለ፤ የብዙ ሰውም ሕይወት ዳነ። በእርሾው ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ሳያውቁ በጥር 1929 ዓ.ም. በካንሰር በሽታ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1937 ዓ.ም. ኮንራድ ኤልቬየም የተባሉ ሊቅ፣ በውሾች ላይ የሚታየውን የፔላግራ አምሳያ የሚፈውሰው ዛሬ ኒያሲን የምንለው ቪታሚን መሆኑን ገለጡ። ኒያሲን በበቆሎ ውስጥ ቢኖርም ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። ሜክሲኮዎች ከጥንት ጀምረው በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ስለሚበሉ ከበሽታው ተጠብቀዋል።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ብዙ ሰው ያመነበት ነገር ሁሉ እውነት ስላልሆነ በዐይን አይቶና በሥራ ፈትኖ መረዳት ይገባል። ሁለተኛው፣ ስለ በሽታ የሚመረምር ሰው የበሽተኛውን ምጣድና ድስት፣ ገቢውንም ጭምር መመልከት አለበት። ነገ ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቻችን ይህን በልባችሁ ያዙት።