የቅዱስ ባስልዮስ ዜና ሕይወትና የድውያን ማረፊያው

ሰው በጤናው ሳለ ወዳጅ አያጣም፤ ደዌው ጸንቶ ሐኪም ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ግን ከአልጋው አጠገብ የሚቀር ጥቂት ነው። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ምን ይደረግለታል ለሚለው ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን ቤት ሠርተው መልስ ከሰጡት ቀደምት አባቶች አንዱ ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ሆነ፥ ዜና ሕይወቱን በአጭሩ እንጽፋለን። ዘመኑም የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ባስልዮስ በ330 ዓ.ም. ገደማ ከጳንጦስና ከቀጰዶቅያ ባለጸጎች ወገን ተወለደ። በአቴና ከወዳጁ ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋራ ጥበበ ንግግርንና ፍልስፍናን ሲማር የሕክምናን ዕውቀት ጨመረበት፤ ሕመም የማይለየው ሰው ነበረና የራሱ ሥቃይ የሌላውን ሥቃይ አስተማረው።

በ368 ዓ.ም. ገደማ ቀጰዶቅያን ጽኑ ራብ በያዛት ጊዜ፥ ባለጸጎች ጐተራቸውን እንዲከፍቱ ገሥጾ፥ የተራቡትን ሰብስቦ ራሱ አሸርጦ መገባቸው። በ370 ዓ.ም. በቂሳርያ፥ ዛሬ በቱርክ አገር ካይሰሪ በምትባለው ከተማ፥ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ ከከተማውም ውጭ ለመንገደኞች፥ ለድኆችና ለሕሙማን ማረፊያ አሠራ። ቦታውም በኋላ በስሙ ባስልያስ ተባለ።

በዚያ ዘመን ለሥጋ ደዌ መድኃኒት አልተገኘለትም ነበር፤ የታመመውም ከቤቱና ከዘመዱ ተለይቶ ይሰደድ ነበር። ባስልዮስ ግን እነዚህን ተቀበላቸው፤ የከበረ ወገን ልጅና ኤጲስ ቆጶስ ሲሆን ቍስላቸውን ሳይጸየፍ ይስማቸው ነበር። መፈወስ ባይቻል እንኳ እንዳይጣሉ አደረገ።

ስለ አስታማሚዎችም ያሰበው ሊታወቅ ይገባል። ሥራው በአገረ ገዥው በኤልያስ ዘንድ በነገረ ሠሪዎች በተከሰሰ ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ፥ በዚያ ስፍራ አስታማሚዎችና ሐኪሞች፥ የጭነት እንስሳትና መንገደኛን የሚሸኙ ሰዎች፥ ልዩ ልዩ የእጅ ሥራዎችና የሚሠሩባቸው ቤቶችም እንደሚያስፈልጉ ቈጥሮ አስረዳ። እንግዲህ ሕመምተኛን መጠበቅ ለአንድ ሩኅሩኅ ሰው ጫንቃ የሚተው ሸክም እንዳልሆነ፥ ሥርዐትና ረዳት እንደሚያሻው አስቀድሞ ዐውቆታል። ለመነኮሳት በጻፈውም ሥርዐት ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ፥ ድውይን የሚያገለግልም ጌታን እንደሚያገለግል ሆኖ ይሠራ ዘንድ እንዲገባው አስተማረ።

እንደ ተለመደው ቈጠራ በ379 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ዐምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። በቀብሩ ቀን ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን አይሁድና አሕዛብም አለቀሱለት።

በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። ስሙን በመቅደስ የምንጠራ ምእመናን ሆይ፥ በየሰፈራችን ለብዙ ወራት ከአልጋ ያልተነሣ ሕመምተኛ አለ፤ በራስጌውም እንቅልፍ ያጣች እናት ወይም ልጅ አለች። ድውዩን ጠይቀን ወደ ቤታችን ከመመለሳችን በፊት ተራ ገብተን አስታማሚዪቱን አንዲት ሌሊት እናሳርፋት፤ ይህ ትንሽ ነገር አይምሰለን። የአባታችን የቅዱስ ባስልዮስ በረከቱ ከሁላችን ጋራ ይኑር፤ አሜን።