ኬጂን የፈጠረው ባለዕዳ

እኛ ሰፈር አንድ ኬጂ አለ። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ዛፍ፣ ቢራቢሮና ቀጭኔ ተስሎበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፍሬድሪክ ፍሮብል ትዝ ይለኛል። ኬጂ የሚለው ስም መነሻው እሱ ነው። ኬ ማለት ኪንደር፣ ጂ ማለት ጋርተን፤ በጀርመንኛ የልጆች አትክልት ቦታ። የኛው አፀደ ሕፃናትም ትርጉሙ ያው ነው። ስሙን ወስደን አፀዱን ሲሚንቶ አለበስነው፣ አይገርምም?

ፍሮብል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1782 ቱሪንጊያ በሚባለው የጀርመን ደናማ አካባቢ ነው። እናቱ ሲሞቱ ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበር። አባቱ ፓስተር ናቸው፤ ከሥራ ብዛት ለልጃቸው ጊዜ የላቸውም። የእንጀራ እናቱ የራሳቸውን ልጅ ሲወልዱ ደግሞ ጭራሽ ፊታቸውን አዞሩበት። ልጁ ብቻውን የግቢው አትክልት ውስጥ ይውል ጀመር። አሥር ዓመት ሲሞላው የእናቱ ወንድም ወሰዱት፤ በ15 ዓመቱ ደን ጠባቂ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተላከ። ሰውየው ለማስተማር ጊዜ አልነበረውምና ሁለቱን ዓመት ከዛፍና ከቅጠል ጋር አሳለፈ።

ከዚያ የና ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚህ ጋ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነኝና ትንሽ ልቆይ። ያለችውን ገንዘብ ለወንድሙ አበደረ፣ ብድሩ ሳይመለስ ቀረ፣ እሱ ራሱ ዕዳ ውስጥ ገባና ዘጠኝ ሳምንት ያህል ዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ተቀመጠ። አባቱ ዕዳውን የከፈሉለት ውርስ እንደማይጠይቅ ካስፈረሙት በኋላ ነው። ገንዘብ ከዚያ ወዲህም እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ አልታረቀውም።

በ1805 አርክቴክት ልሁን ብሎ ፍራንክፈርት ሄደና አስተማሪ ሆኖ ቀረ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው አስተማሪ ፔስታሎዚ ጋ ስዊዘርላንድ ሄዶ ተማረ፤ በርሊን ውስጥ የማዕድን ድንጋዮችን አጠና፤ በ1813 ናፖሊዮንን ለመውጋት ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ካይልሃው በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ተራራ ይወጣሉ፣ ወንዝ ይገድባሉ፣ ሜዳ ላይ ይማራሉ። መንግሥት ግን ግቢው የለውጥ ፈላጊዎች መፈልፈያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ፤ ወላጆችም ፈርተው ልጆቻቸውን አስወጡ።

ትልቁን ሥራውን የጀመረው 50 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ1837 ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት መጫወቻ የሚሆኑ የሱፍ ክር ኳሶችና የእንጨት ቅርጾች ማዘጋጀት ጀመረ። በ1840 ቦታው ኪንደርጋርተን ተባለ።

አትክልት ቦታ ሲል ደግሞ ለጌጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የራሱ ትንሽ መደብ አለው፤ እዚያ የፈለገውን ይዘራል፣ ደስ እንዳለው ይንከባከባል። በዙሪያው የጋራ መደቦች አሉ፤ እነዚያን ሁሉም አንድ ላይ ይኮተኩታሉ፣ ውኃ ያጠጣሉ። የግል ንብረትና የጋራ ሀብት፣ እኛ በመማሪያ መጽሐፍ ሁለተኛ ዓመት ላይ የደረስንበት ነገር፣ ለአራት ዓመት ሕፃን በአበባና በአትክልት። ያላጠጣ ልጅ ችግኙ ሲጠወልግ ራሱ ያየዋል።

ወጪውን ለመሸፈን ያሰበው ዘዴ የኛን በምሥረታ ላይ ያሉ ባንኮች ያስታውሳል፤ አክሲዮን ሊሸጥ። አንዱ አክሲዮን 10 ታለር፣ ገዢዎቹ የጀርመን ሴቶች። የሕፃናት ትምህርት ያለ እናቶችና ያለ ሠፈሩ አይሆንም ብሎ ስለሚያምን ባለቤቶቹም እነሱ እንዲሆኑ ፈለገ። የገዛው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ይሁንና ሴቶችን አስተማሪ አድርጎ ማሠልጠኑን አልተወም፤ ይኼ ያኔ ብዙዎችን ያሳቀ ሐሳብ ነበር።

ከዚያ ነሐሴ 1851 መጣ። የፕሩሺያ መንግሥት ኪንደርጋርተን የሚባል ነገር በግዛቱ እንዳይኖር አገደ። ምክንያቱ አምላክ የለሽነትና ሶሻሊዝም ያስተምራል የሚል ነው። መነሻው ደግሞ ወንድሙ የወለደው ካርል ፍሮብል የጻፈው ጽሑፍ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ሁለቱን ፍሮብሎች አምታትተዋቸዋል። ሽማግሌው ስህተቱ እንዲታረም ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም። የዕድሜ ልክ ሥራው በስም መመሳሰል ተዘጋ። በዓመቱ፣ ሰኔ 1852፣ እገዳው ሳይነሳ ሞተ።

እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሐሳቡ አገር ለቆ ወጥቶ ነበር፤ በ1856 ማርጋሬተ ሹርዝ የምትባል ስደተኛ ጀርመናዊት አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ለራሷና ለጎረቤቶቿ ልጆች ኪንደርጋርተን ከፍታለች።

ፍሮብል የተቀበረው ሽቫይና በምትባል ቦታ ነው። መቃብሩ ላይ ያቆሙለት ሐውልት ከሦስት ድንጋዮች የተሠራ ነው፤ ከታች ኪዩብ፣ መሐል ሲሊንደር፣ አናቱ ላይ ኳስ። ለሕፃናት የሠራቸው መጫወቻዎች ናቸው።